ሶርት ስናደርግ ቀለሙ፣ ቦርደሩና ቀኑ ምን ይሆናል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ ውስጥ ኤክሴል አስተምራለሁ። አብዛኞቹ ሰልጣኞቼ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች ናቸው። የትምህርት ቤት መዝገብ ያዥ አለች፣ ከኮምቦልቻ የሚመጣ የእህል ነጋዴ አለ፣ የእድር ጸሐፊ አለ። ሁሉም ዞረው ዞረው አንድ ነገር ይዘው ይመጣሉ፦ «ሶርት አደረግኩት፣ ተዘበራረቀብኝ።» ሶርት ማለት ዝርዝሩን በፊደል፣ በቁጥር ወይም በቀን ተራ መደርደር ነው። እዚህ የሰበሰብኳቸው እነሱ ደጋግመው የጠየቁኝን ነው። መልሶቹ ማይክሮሶፍት ኤክሴልን የሚመለከቱ ናቸው፤ ስለ ሌሎቹ ፕሮግራሞች መጨረሻ አካባቢ ትንሽ አለ።

ሶርት ሳደርግ የሴሉ ቀለም አብሮ ይሄዳል ወይስ ባለበት ይቀራል?

በእጃችሁ የቀባችሁት ከሆነ አብሮ ይሄዳል። የሴል ቀለም፣ የፊደል ቀለም፣ ቦልድ፣ የፎንት ዓይነት፣ የቁጥር ፎርማት፣ ሴሉ ላይ የተለጠፈ ኮሜንት፣ እነዚህ ሁሉ ከመረጃው ጋር ይጓዛሉ። ባሉበት ከሚቀሩት ዋናዎቹ ሦስት ናቸው፦ ቦርደር (የሴሉ ዙሪያ መስመር)፣ የረድፉ ቁመት እና የኮንዲሽናል ፎርማቲንግ ሕግ (ሴሉ ውስጥ ያለውን አይቶ መልኩን የሚቀይር ሕግ)። ግራ መጋባቱ የሚመጣው ከዚህ ነው። ግማሹ ይሄዳል፣ ግማሹ ይቀራል።

ወረዳዎቹን በወፍራም መስመር ለይቼ ነበር። አሁን መስመሩ ያለ ቦታው መጣ። ለምን?

ቦርደር ከሴሉ ጋር ስለማይንቀሳቀስ ነው። ከተሁለደሬ ቀጥሎ ወፍራም መስመር አሰመራችሁ እንበል። ሶርት ስታደርጉ ተሁለደሬ ወደ ላይ ወጣ፣ መስመሩ ግን ሃያኛው ረድፍ ላይ ቆሞ ቀረ። አሁን የሚለየው ኩታበርን ለሁለት ነው።

መፍትሔው መስመርን ከሶርት በኋላ ማስመር ነው። በየሳምንቱ የምትደረድሩት ዝርዝር ከሆነ ግን ቦርደሩን በኮንዲሽናል ፎርማቲንግ ሥሩት። «በዚህ ረድፍ ያለው ወረዳ ከላዩ ካለው ከተለየ ከላይ መስመር አስምር» የሚል ሕግ ስጡት። ከዚያ በኋላ ዝርዝሩ እንዴት ቢደረደር መስመሩ ራሱ ቦታውን ይፈልጋል። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ኮንዲሽናል ፎርማቲንግ ወፍራም ቦርደር አይሰጥም። ቀጭኑ ይበቃል።

የረድፍ ቁመትም እንደዚሁ ነው። ረጅም ጽሑፍ የያዘው ሴል ወደ ጠባብ ረድፍ ይሄድና ግማሹ ይደበቃል። ሁሉንም ረድፍ መርጣችሁ በሁለት ረድፍ ቁጥሮች መካከል ያለውን መስመር ሁለቴ ክሊክ አድርጉ፤ ይስተካከላል።

ለንባብ እንዲመች አንዱን ረድፍ ነጭ፣ አንዱን ግራጫ ቀብቼ ነበር። ሶርት ሳደርግ ሦስት ግራጫ ተከታትሎ መጣ።

ቀለሙን በእጅ ስለቀባችሁት ነው። ግራጫው የሰውየው ሆነ እንጂ የቦታው አልሆነም። ቀለሙን አጥፉና ዝርዝሩን ቴብል አድርጉት። ዝርዝሩ ውስጥ ቁሙ፣ ኮንትሮል ቲ ተጫኑ፣ አለቀ። የቴብል ቀለም የቦታ ነው፤ መቶ ጊዜ ብትደረድሩትም ነጭና ግራጫው ይፈራረቃል።

ከ50 በታች ያመጡ ተማሪዎች በቀይ እንዲታዩ ሕግ ሰጥቼው ነበር። ሶርት ሳደርግ ቀዩ ይሳሳታል?

አይሳሳትም። ሕጉ ባለበት ይቆማል፣ ነገር ግን ሥሩ የመጣውን ቁጥር እያየ ነው የሚቀባው። 43 የትም ይሂድ፣ ሲደርስ ቀይ ሆኖ ይታያል።

የሚሳሳትባቸው ሁለት ሁኔታዎች አሉ። አንደኛው፣ ሕጉ ሲሰጥ 40 ተማሪ ነበረ፣ ኋላ 12 ተጨመረ፣ ሕጉ ግን ለ40ው ብቻ ቀረ። ሶርት ስታደርጉ 43 ያመጣው ልጅ ወደ 48ኛው ረድፍ ይወርድና ቀዩ ይጠፋል። ኮንዲሽናል ፎርማቲንግ ውስጥ ማኔጅ ሩልስ የሚለውን ከፍታችሁ ሕጉ እስከ የት እንደሚሠራ እዩ። ሁለተኛው፣ ሕጉ ከላይ ወይም ከታች ያለውን ረድፍ የሚያመሳክር ከሆነ ነው። ጎረቤቱ ሲቀየር ቀለሙም ይቀየራል። ይሄ ግን ስህተት አይደለም፤ ያዘዛችሁትን ነው የሚሠራው።

ስሞቹን ብቻ መርጬ በፊደል ተራ ደረደርኩ። አንድ ማስጠንቀቂያ መጣ፣ አለፍኩት። ችግር አለው?

አለው። በጣም አለው። ይሄን ጥያቄ ሳነሳ ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ አንድ እድር ነው። የክፍያ ዝርዝሩ በኤክሴል ተይዟል። የከፈለ ሰው ስሙ በቢጫ ይቀባል፤ የከፈለው ብር በጎን ባለው ዓምድ ይጻፋል። አንድ ቀን ጸሐፊው የስሙን ዓምድ ብቻ መርጦ ሶርት አደረገ። ኤክሴል ጠየቀው፤ በጎን ያለውንም ልጨምር ወይስ በመረጥከው ብቻ ልቀጥል? እሱ በመረጥኩት ቀጥል አለው።

ስሞቹ ቢጫቸውን ይዘው ሄዱ። ብሩ ባለበት ቀረ። ስለዚህ የአንዱ ክፍያ የሌላው ሆነ። ቀለሙ ደግሞ ልክ ስለሚመስል ለሁለት ወር ማንም አላወቀም። የታወቀው አንዲት እናት ውዝፍ አለብዎት ተብለው ሲጠሩ ነው። «ኧረ ልጄ፣ በእጄ ነው የሰጠሁህ» አሉት። እውነታቸውን ነበር። ሁሉንም ከደረሰኝ ጋር አንድ በአንድ ስናመሳክር አመሸን። እሳቸው ይቅር ብለውታል፤ እኔን ግን እስከ ዛሬ ያመኛል። በሰው ፊት ያልከፈለ መባል ቀላል አይደለም።

ማስጠንቀቂያው ሲመጣ ኤክስፓንድ ዘ ሴሌክሽን የሚለውን ምረጡ። ከዚያ በፊት የሚሻለው ግን ዓምድ ጨርሶ አለመምረጥ ነው። ዝርዝሩ ውስጥ አንድ ሴል ላይ ብቻ ቁሙና ሶርት በሉት፤ ኤክሴል ዳሩን ራሱ ያገኘዋል። መካከል ላይ ባዶ ዓምድ ካለ ግን እዚያ ጋ ያቆማል፣ ከባዶው ወዲያ ያለውን አይነካም። ስለዚህ ለውበት ብላችሁ ባዶ ዓምድ አትተዉ።

ሌላው ምክሬ ይሄ ነው፦ መረጃን በቀለም ብቻ አትያዙ። «ከፍሏል» የሚል ዓምድ ጨምሩና አዎ ወይም አይ ብላችሁ ጻፉበት። ቢጫው ከዚያ በኋላ በኮንዲሽናል ፎርማቲንግ ይምጣ። ቀለም በስህተት አንድ ጊዜ ከጠፋ ምን ማለት እንደነበረ የሚነግር የለም።

በቀለም መደርደርስ ይቻላል? ቢጫዎቹን ላይ ማምጣት እፈልጋለሁ።

ይቻላል፣ ከኤክሴል 2007 ጀምሮ። ሶርት የሚለውን ሳጥን ክፈቱ፣ ዓምዱን ምረጡ፣ ሶርት ኦን በሚለው ሥር ሴል ከለር በሉት። ኤክሴል ግን ቢጫ ከቀይ ይቅደም አይቅደም አያውቅም። ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ ደረጃ ጨምራችሁ ተራውን እናንተ ትነግሩታላችሁ። እስከ 64 ደረጃ ይቀበላል። ሁለት ዓይነት ቢጫ ከተጠቀማችሁ፣ ለዓይን ቢመሳሰሉም፣ እሱ ሁለት አድርጎ ነው የሚያያቸው።

ዋጋውን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደረደርኩ። 1000 ብር ከ450 ብር በፊት መጣ።

«450 ብር» ብላችሁ ሴሉ ውስጥ ጽፋችኋል። ያ ለኤክሴል ቁጥር አይደለም፣ ጽሑፍ ነው። ጽሑፍ ከመጀመሪያው ምልክት ጀምሮ ነው የሚወዳደረው፤ 1 ከ4 ይቀድማል። «ቀበሌ 10» ከ«ቀበሌ 2» በፊት የሚመጣውም ለዚሁ ነው። «ቀበሌ 02» ብላችሁ ብትጽፉት ይስተካከላል።

ብሩን ግን በፎርማት አሳዩት። ሴሉ ውስጥ 450 ብቻ ጻፉ። ፎርማት ሴልስ ውስጥ ከስተም የሚለውን ከፍታችሁ ይህን አስገቡ፦ #,##0 "ብር"። ለዓይን 450 ብር ይላል፣ ውስጡ ግን ንጹህ ቁጥር ነው። ሶርት የሚያየው ውስጡን ነው።

በዚያው ዓምድ ግማሹ ቁጥር፣ ግማሹ ጽሑፍ ሆኖም ሊገኝ ይችላል። በተለይ ከሌላ ፕሮግራም የመጣ ፋይል ላይ። ያን ጊዜ ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲደረደር ቁጥሮቹ ይቀድማሉ፣ ጽሑፍ የሆኑት ይከተላሉ፣ ባዶዎቹ መጨረሻ ይቀመጣሉ። መለያው ቀላል ነው፤ ካልነካችሁት በቀር ቁጥር ወደ ቀኝ፣ ጽሑፍ ወደ ግራ ይጠጋል። ዓምዱን ሁሉ መሃል ላይ ካደረጋችሁት ይህን ምልክት አጠፋችሁት ማለት ነው። እኔ የቁጥር ዓምድ መሃል ላይ እንዲደረግ አልወድም።

ፎርማቱን ወደ ነምበር መቀየር ብቻውን ጽሑፉን ቁጥር አያደርገውም። ዓምዱን መርጣችሁ ዳታ ውስጥ ቴክስት ቱ ኮለምንስ በሉና ወዲያው ፊኒሽ ተጫኑ። አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። «ብር» የሚለው ቃል ውስጡ ካለ ግን መጀመሪያ እሱን በፋይንድ ኤንድ ሪፕሌስ አጥፉት።

ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት። ሶርት ሳደርግ ፍጹም አይገባም።

ይሄ የሁላችንም ችግር ነው፣ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው። ኤክሴል ቀንን የሚያስቀምጠው በቁጥር ነው። በፈረንጆች ጃንዋሪ 1 ቀን 1900 ለእሱ 1 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለው እየተቆጠረ ይሄዳል። የሚታየው 05/02/2016 ፎርማት ብቻ ነው። የእኛን አቆጣጠር እንደ ቀን አያውቀውም።

አሁን ጥቅምት 5 ቀን 2016ን 05/02/2016 ብላችሁ ጻፉ እንበል። ኮምፒውተሩ የአሜሪካን አጻጻፍ የሚከተል ከሆነ ወር ያስቀድማል። ሜይ 2 ብሎ ይይዘዋል። ጥቅምት 13ን 13/02/2016 ብላችሁ ጻፉ። 13ኛ ወር የለውም፣ ስለዚህ ጽሑፍ አድርጎ ይተወዋል። በዚህ ሁኔታ የየወሩ የመጀመሪያ 12 ቀናት ወርና ቀናቸው የተገላበጠ ቀን ይሆናሉ፣ ከ13 እስከ 30 ያሉት ጽሑፍ ይሆናሉ። ጳጉሜን 5 ደግሞ 05/13/2016 ተብላ ስትጻፍ ሜይ 13 ሆና ቁጭ ትላለች። ይህን ስትደረድሩት መጀመሪያ የተገለባበጡት ቀኖች ይመጣሉ፣ ቀጥሎ ጽሑፎቹ 13/01፣ 13/02፣ 13/03 እያሉ ይሰለፋሉ።

ቀን የሚያስቀድም ኮምፒውተርም አያድንም። ጥቅምት 30 ለእሱ ፌብሩዋሪ 30 ነው፤ እንደዚያ የሚባል ቀን የለም። ጳጉሜንማ ጨርሶ አትገባውም።

የምመክረው ሦስት ዓምድ ነው፦ ዓመተ ምሕረት፣ ወር፣ ቀን። ወሩን በቁጥር ጻፉት፣ ከ1 እስከ 13። ሶርት ሳጥን ውስጥ መጀመሪያ ዓመቱን፣ ቀጥሎ ወሩን፣ ቀጥሎ ቀኑን ስጡት። ጽሑፍ መጨመሩ ያታክታል የሚሉ አሉ። እውነት ነው። ግን የሐምሌን ገቢ ከመስከረም ጋር ቀላቅሎ ከመላክ ይሻላል።

ወሩን በስሙ መጻፍ ነው የምፈልገው። በፊደል ተራ ሲደረድረው ሐምሌ ቀድሞ ይመጣል።

የራሳችሁን ዝርዝር አስተምሩት። ሶርት ሳጥን ውስጥ ኦርደር በሚለው ሥር ከስተም ሊስት አለ። መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር እያላችሁ እስከ ጳጉሜን አስገቡና አድ በሉ። ከዚያ በኋላ በወራቱ ተራ ይደረድርላችኋል። አንድ ጥቅም ደግሞ ይጨመርበታል፤ መስከረም ብላችሁ ጽፋችሁ ወደ ታች ስትጎትቱት ሌሎቹን ራሱ ይሞላቸዋል።

አጻጻፉ ግን አንድ ዓይነት ይሁን። ዝርዝሩ ላይ «ኅዳር» ካላችሁ፣ ሺቱ ላይ «ህዳር» የተባለው አይታወቅም።

መሐመድ አራት ቦታ ተበታተነ። አማርኛን ኤክሴል መደርደር አይችልም እንዴ?

ይችላል። በፊደል ገበታው ተራ ይሄዳል፤ ሐይቅ፣ ቃሉ፣ ቦረና፣ ተንታ፣ አምባሰል፣ ኩታበር፣ ወረባቦ ብሎ በትክክል ያስቀምጣል። ችግሩ አጻጻፋችን ላይ ነው። ወሎ ውስጥ መሐመድና ሰይድ የሌለበት ዝርዝር አይገኝም። አንዱ መሐመድ ይላል፣ አንዱ መሀመድ፣ አንዱ ሙሐመድ፣ አንዱ ሙሀመድ። ሰይድም ሠይድም አለ። ለጆሯችን አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሀ እና ሐ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ኃይሉ ከሀይሉ በጣም ይርቃል። «ወረኢሉ» እና «ወረ ኢሉ»፣ «ወልድያ» እና «ወልዲያ»ም እንደዚሁ ሁለት ሁለት ይሆናሉ።

የቦታ ስም ከሆነ አንዱን አጻጻፍ ምረጡና ሁሉንም ቀይሩት። የሰው ስም ላይ ግን እንዲህ አታድርጉ። ሰው ስሙ መታወቂያው ላይ እንዳለው ነው የሚጻፈው፤ ሠይድን ሰይድ አድርጋችሁ ከላካችሁ ባንክ ሄዶ የሚቸገረው እሱ ነው። ይልቅ በጎን ሌላ ዓምድ ጨምሩ። ሰብስቲትዩት በሚባለው ፎርሙላ ሐን እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ እየቀየራችሁ የመደርደሪያ ስም ሥሩ። ከነ ድምፆቻቸው፤ ሑ፣ ሒ፣ ሓ እያንዳንዱ ለብቻው መቀየር አለበት። ሶርት በእሱ ይሁን። ትክክለኛው ስም ሳይነካ ተከትሎ ይሄዳል።

በድሮው የአማርኛ መጻፊያ በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ፋይል ካላችሁ ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ አማርኛው ያለው ፎንቱ ላይ ነው። ከሥር የተቀመጡት የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ናቸው፤ ፎንቱን ብትቀይሩት ይወጣሉ። ሶርት የሚያየው እነዚያን ስለሆነ ተራው ስሜት አይሰጥም። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደላት ኮድ ውስጥ፣ የገባው በ1999 እንደ ፈረንጆች ነው። መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ ቀይሩት።

«የተቀላቀሉት ሴሎች እኩል መሆን አለባቸው» የሚል መልእክት እያመጣ እምቢ አለኝ።

መርጅ የተደረገ፣ ማለትም ከጎረቤቱ ጋር አንድ የተደረገ ሴል አለ ማለት ነው። የቢሮ ሪፖርት ላይ የተለመደ ነው፤ «ተሁለደሬ» የሚለው ለአምስት ቀበሌ አንድ ላይ ተመርጇል። ያምራል፣ ግን አይደረደርም። አንመርጅ አድርጉት፣ ማለትም ለያዩት። ስሙ የመጀመሪያው ሴል ላይ ብቻ ይቀራል፣ አራቱ ባዶ ይሆናሉ። እነዚያን ሳትሞሉ ሶርት ካደረጋችሁ አራቱ ቀበሌዎች ወረዳ አልባ ሆነው መጨረሻ ላይ ይወድቃሉ። የወረዳው ስም በየረድፉ ይደገም።

ለርዕስ ከሆነ መርጅ አያስፈልግም። ፎርማት ሴልስ፣ አላይንመንት ውስጥ ሴንተር አክሮስ ሴሌክሽን አለ። መልኩ ያው ነው፣ ሴሎቹ ግን አይጣበቁም። ርዕሱ ሁለት ረድፍ ከሆነ ደግሞ ሶርት ስታደርጉ መረጃውን ብቻ ምረጡ፤ አለበለዚያ ሁለተኛው የርዕስ ረድፍ እንደ ሰው ይደረደራል።

ተራ ቁጥሩ ተዘበራረቀ። 1፣ 2፣ 3 ብሎ እንዲቆይ አልቻልኩም።

የጻፋችሁት ቁጥር ከሆነ ከሰውየው ጋር ይሄዳል። ሮው የሚባለውን ፎርሙላ ተጠቀሙ፤ ርዕሱ አንድ ረድፍ ከሆነ ሮው ሲቀነስ 1፣ ማለትም =ROW()-1። ሁልጊዜ በቦታው ይቆማል።

የደበቅኳቸው ረድፎች ሳይደረደሩ ቀሩ።

የተደበቀ ረድፍ አይንቀሳቀስም። መጀመሪያ አሳዩት።

ሺቱን ስቆልፍ ሶርት እንዲፈቀድ ምልክት አድርጌ ነበር። አሁንም አይሠራም።

ሴሎቹ ራሳቸው ሎክድ (የተቆለፉ) ናቸው። ሎክድ መሆን እንደ ቀለም ሁሉ የሴል ፎርማት ነው። ቁልፉን ፍቱ፣ የሚደረደሩትን መርጣችሁ ፎርማት ሴልስ፣ ፕሮቴክሽን ውስጥ ምልክቱን አንሡ፣ ከዚያ መልሳችሁ ቆልፉ።

ኤክሴል የለኝም። ሌሎቹም እንደዚህ ናቸው?

ሊብረኦፊስ ካልክ ምርጫ ይሰጣችኋል። ሶርት ሳጥኑ ውስጥ ፎርማቱ አብሮ ይሂድ የሚል ምልክት አለ፤ ታነሡታላችሁ ወይም ትተዉታላችሁ። ጉግል ሺትስም በቀለም ይደረድራል።

ተበላሽቶ ሳላውቅ ሴቭ አድርጌ ዘጋሁት። መመለስ ይቻላል?

ፋይሉ ክፍት ቢሆን ኮንትሮል ዜድ ይመልሰው ነበር። ከዘጋችሁት በኋላ ያ አይሠራም። ፋይሉ ዋንድራይቭ ወይም ጉግል ሺትስ ላይ ከነበረ ቨርዥን ሂስትሪ ውስጥ የቀደመውን ታገኛላችሁ። ፍላሽ ላይ ከነበረ ያላችሁ ዕድል የድሮ ኮፒ ነው፤ ለሰው የላካችሁት ቴሌግራም ላይ ይኖር ይሆናል። እሱም ከጠፋ ወደ ወረቀቱ መዝገብ ተመለሱ።

ለሚቀጥለው ግን አሁኑኑ አንድ ዓምድ ጨምሩ። ዝርዝሩ ትክክል በሆነበት ቀን ከ1 ጀምራችሁ ቁጥር ጻፉበት፤ ፎርሙላ አይሁን፣ የተጻፈ ቁጥር ይሁን። ስሙን «የመጀመሪያ ተራ» በሉት። ረድፎቹ ሳይነጣጠሉ ምንም ያህል ብትደረድሩ፣ በዚያ ዓምድ መልሳችሁ ሶርት ስታደርጉ ወደ ነበረበት ይመለሳል።